ጀፎረና አደባባይ፦ የመስቀል በዓልና የጉራጌ ከተሞች እድሳት

የጉራጌ መንደር ያለ ጀፎረ አይታሰብም። ጀፎረ ግራና ቀኝ በተሰለፉ ቤቶች መካከል የሚዘረጋ፣ ሣር የለበሰ ሰፊ መንገድ ነው። ከብት ይነዳበታል፤ ልጆች ይጫወቱበታል፤ ሽማግሌዎች ለዳኝነት ይቀመጡበታል፤ ሠርጉም ልቅሶውም ይውልበታል። በመስቀልም ሕዝቡ ለደመራ የሚሰበሰበው በዚሁ ላይ ነው። ወሰኑን ገፍቶ አጥር የሚያጥር ሰው በባህላዊው ሕግ ይጠየቃል። ይኸውም የጋራ ሥፍራ ከቤቶች የተረፈ ባዶ መሬት ሳይሆን፣ ቤቶቹ ፊታቸውን የሚያዞሩለት የመንደሩ ልብ መሆኑን ያስረዳል።

ወልቂጤና ቡታጅራ ግን በሌላ መንገድ ያደጉ ከተሞች ናቸው። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጅማ መንገድ ላይ፣ ቡታጅራም 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛሉ። ሱቁም፣ ቡና ቤቱም፣ የአውቶቡስ መናኸሪያውም የመኪናውን መንገድ ተከትሎ በመሠራቱ፣ በጀፎረው ቦታ የተተካው አስፋልት ነው። እግረኛውና ጋሪው፣ ነጋዴውና የጭነት መኪናው በዚያው አንድ መንገድ ሲጋፉ ኖረዋል።

ይህም መንገድ ቢሆን በመንግሥት ጥረት ብቻ የተገኘ አይደለም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ በንግድ የሚተዳደሩ የጉራጌ ተወላጆች የመንገድ ሥራ ማኅበራት አቋቁመው ገንዘብ አዋጥተዋል። ከእነዚህም መካከል ከዓለም ገና ተነሥቶ በቡታጅራ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ ለሚዘልቀው መንገድ የተቋቋመው ማኅበርና የጉራጌ መንገዶች ሥራ ድርጅት ይጠቀሳሉ። መዋጮውን ያቀለለው በየዓመቱ በመስከረም ወደ አገር ቤት የመመለሱ ልማድ ነው። ለመስቀል የሚጓዘው ሰው በጭቃ ተይዞ ሲያድር፣ የመንገድ እጦት ለእርሱ ወሬ ሳይሆን የራሱ ችግር ይሆንበት ነበር።

በዓሉ ከመስከረም አጋማሽ በፊት ይጀመራል። ቤት ይታደሳል፤ ቆጮውና ቅቤው ይሰናዳል፤ ሰንጋው ይታረዳል፤ ክትፎው ከአይብና ከጎመን ጋር ይቀርባል። ከበዓሉ በኋላ በክስታኔና በመስቃን አካባቢ ወጣቶች በየገበያው ሥፍራ አዳብናን ይጨፍራሉ። የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ የጉራጌ ሕዝብ ደስታውን የገለጸው ከዚህ የቆየ ልምድ ተነሥቶ ነው።

በከተሞቹ ላይ ለውጥ ሳይደርስ አልቀረም። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ በመሐል ከተማ ሕንፃ የመሥራቱ ፍላጎት ቀዝቅዞ ቆይቷል። በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ደግሞ ቡታጅራ ወደ ምሥራቅ ጉራጌ ዞን ስትገባ፣ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆና ቀጥላለች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ከተሞች የኮሪደር ልማት ሥራ ተጀምሮባቸዋል፤ መንገድ ይሰፋል፤ የእግረኛ መሄጃ ይነጠፋል፤ መብራት ይተከላል።

የሌላው ዓለም ልምድ እንደሚያሳየው ግን ንጣፍ ብቻውን ከተማን አያነቃም። የአሜሪካዋ ካላማዙ በ1959 እ.ኤ.አ. የመሐል ከተማዋን መንገድ ለመኪና ዘግታ ለእግረኛ በማዋል ቀዳሚ ሆና ነበር፤ ይሁን እንጂ በ1998 እ.ኤ.አ. ከፊሉን መልሳ ለመኪና ከፍታለች።

በወልቂጤም የከተማው ጥያቄ ከአደባባይ ማማር ያለፈ መሆኑ በመራር ሁኔታ ታይቷል። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ነዋሪዎች የመጠጥ ውኃ እጥረትን በመቃወም አደባባይ በወጡ ጊዜ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። የመስቀል እንግዳ ከሳምንት በኋላ ይመለሳል፤ ውኃ የሚቀዳው፣ ሱቅ የሚከፍተው፣ ልጁን ትምህርት ቤት የሚልከው ነዋሪ ግን ዓመቱን ሙሉ እዚያው ነው።

ጀፎረ ለዘመናት የኖረው በዓል ስለተከበረበት ብቻ አይደለም። በሥራ ቀንም ከብቱ ሣሩን ይግጥበት፣ ሽማግሌው ይዳኝበት፣ ሁሉም ወሰኑን ይጠብቅለት ነበር። የከተማው አዲስ አደባባይ ዕድሜ የሚለካውም ደመራው አመድ ከሆነ በኋላ፣ በማግስቱ ጧት በሚውሉበት ሰዎች ነው።