ግፊትንና ሙቀትን የማለያየት ታሪክ፤ ኤስፕሬሶ ከሚላኖ ቡና ቤቶች እስከ ቤት ማሽን

ኤስፕሬሶ በደቃቁ ተፈጭቶ በተጠቀጠቀ ቡና ውስጥ ሙቅ ውኃን በከፍተኛ ግፊት በማሳለፍ በግማሽ ደቂቃ ገደማ የሚቀዳ መጠጥ ሲሆን፣ ጣዕሙን ከሚወስኑት ነገሮች መካከል ለመቆጣጠር እጅግ አስቸጋሪ ሆኖ የኖረው የውኃው ሙቀት ነው። ውኃው ከሚገባው በታች ከቀዘቀዘ ከቡናው ተሟሙቶ የሚወጣው ነገር ስለሚያንስ መጠጡ ኮምጣጣና ቀጭን ይሆናል፤ ከልክ በላይ ከሞቀ ደግሞ ምሬትና የማረር ጣዕም ይይዛል። በ1998 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኢጣሊያ ብሔራዊ የኤስፕሬሶ ተቋም ውኃው ከማሽኑ ሲወጣ ሙቀቱ 88 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሆንና ከዚህም ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ከ2 ዲግሪ በላይ እንዳያፈነግጥ ይደነግጋል። በዚህ ጠባብ ወሰን ውስጥ መግባት መቶ ዓመት ገደማ የፈጀው በመጀመሪያዎቹ ማሽኖች ላይ ግፊትና ሙቀት ከአንድ እንፋሎት የሚገኙ በመሆናቸው፣ አንዱን ሳይነኩ ሌላውን መለወጥ ስለማይቻል ነበር። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚህ መስክ ቀደምት ሆኖ የሚጠቀሰው የፈጠራ መብት በ1884 በቶሪኖ ከተማ ለአንጄሎ ሞሪዮንዶ የተሰጠው ነው፤ የእርሱ ማሽን ግን ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚያፈላ ነበር። ለአንድ ጠጪ አንድ ስኒ መቅዳት የተቻለው ሚላኖዊው ሉዊጂ ቤዜራ በ1901 ባስመዘገበው ማሽን ሲሆን፣ ቡናው የሚሞላበትና ከማሽኑ ጋር እየተቆለፈ የሚፈታው ባለእጀታ ማጣሪያም እስከ ዛሬ ድረስ መሠረታዊ ቅርጹን አልለወጠም። መብቱን ገዝቶ ማሽኑን ለገበያ ያበቃው ዴሲዴሪዮ ፓቮኒ ነው። በእነዚህ ረጃጅም ማሽኖች ውስጥ ውኃው በቦይለር፣ ማለትም ታፍኖ በሚፈላበት የብረት ጋን ውስጥ ይሞቃል፤ ከውኃው በላይ የሚጠራቀመው እንፋሎትም ውኃውን እየገፋ በቡናው ውስጥ ያሳልፈዋል። ይሁን እንጂ የታፈነ ውኃ የሚፈላበት ሙቀት ከግፊቱ ጋር አብሮ ስለሚጨምር፣ ከአየር ጫና በላይ 1.5 ባር ብቻ ለማግኘት (ባር አየር በባሕር ጠለል ላይ ከሚያሳድረው ጫና ጋር የሚቀራረብ መለኪያ ነው) ቦይለሩን ወደ 127 ዲግሪ ማድረስ ግድ ይል ነበር። ግፊት የፈለገ ቡናውን ያሳርራል፤ ቡናውን ከማረር ያዳነ ደግሞ ግፊት ያጣል። ያ ዘመን በጌጠኛ ማሽኖቹ ቢወደስም፣ መጠጡ ዛሬ ኤስፕሬሶ ከሚባለው ይልቅ ለጠንካራ የፈላ ቡና የቀረበ እንደነበር መቀበል ተገቢ ነው።

ሁለቱን የለያያቸው የሚላኖ ሰው አኪሌ ጋጃ ነው። በ1938 የመጀመሪያ የፈጠራ መብቱን ካስመዘገበ በኋላ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ያወጣው ማሽን ውኃውን የሚገፋው በእንፋሎት ሳይሆን በሞላ ነበር፤ ቀጂው ማንሻውን ወደ ታች ሲስብ ሞላው ይታመቃል፣ ሙቅ ውኃም ወደ ሲሊንደሩ ይገባል፣ ማንሻው ሲለቀቅም ሞላው እየተዘረጋ ውኃውን በ8 ወይም በ9 ባር ግፊት በቡናው ውስጥ ያሳልፋል። ውኃው ከቦይለሩ ወደ ሲሊንደሩ ሲሻገር ብረቱ ከሙቀቱ ስለሚቀንስለት፣ ግፊቱ በብዙ እጥፍ ሲያድግ ሙቀቱ ወረደ። በስኒው አናት ላይ የሚታየው ክሬማ የተባለው ወርቃማ አረፋ የዚህ ግፊት ውጤት ነው። በ1961 ደግሞ የኤርኔስቶ ቫለንቴ ፋብሪካ ፋኤማ፣ በዚያው ዓመት በታየው የፀሐይ ግርዶሽ ስም ኢ61 የተባለውን ማሽን አወጣ፤ በዚህም የሞላውን ሥራ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ወሰደ፣ ቡናው የሚፈላበት ውኃም በእንፋሎት ቦይለሩ መካከል በሚያልፍ ቱቦ ውስጥ እየሞቀ የሚመጣ ሆነ። ከባድ የናስ ጭንቅላቱ፣ ማለትም ማጣሪያው የሚቆለፍበት ክፍል፣ በውስጡ በሚዘዋወር ሙቅ ውኃ ሁልጊዜ ይሞቃል። የፍሎረንሱ ላ ማርዞኮ በ1970 ጂ.ኤስ. በተባለው ማሽኑ ለእንፋሎቱና ለቡናው ሁለት የተለያዩ ቦይለሮችን ሲሠራ፣ በቡና ቤት ደረጃ ጉዳዩ አብዛኛውን መልስ አገኘ።

ቤት ግን ወደ ኋላ ቀረ። አልፎንሶ ቢያሌቲ በ1933 ያወጣት ሞካ የተባለች ምድጃ ላይ የምትጣድ ማፍያ ውኃውን የምትገፋው በእንፋሎት በመሆኑ የቤዜራን ማሽን ጠባይ እንደያዘች ቀርታለች። ላ ፓቮኒ በ1961 ለቤት ያቀረባት ባለማንሻ ኤውሮፒኮላ ሞላ እንኳ የላትም፤ ግፊቱ ከተጠቃሚው ክንድ ይመጣል፣ ጭንቅላቷም በቀጥታ ከትንሿ ቦይለር ጋር የተያያዘ ስለሆነ በተከታታይ ጥቂት ስኒዎች ከተቀዱባት ሙቀቷ እያየለ ይሄዳል። ባለቤቶቿ እርጥብ ጨርቅ ጭንቅላቷ ላይ የሚጠመጥሙት ከዚህ የተነሳ ነው።

ከዚያ በኋላ የተስፋፉት ባለፓምፕ የቤት ማሽኖች፣ ለምሳሌ ጋጃ ክላሲክና በ1997 የወጣችው ራንቺሊዮ ሲልቪያ፣ ያላቸው አንድ ቦይለር ብቻ ነው፤ ያው አንዱ ቦይለር ለቡና ሲሆን ቀዝቀዝ፣ ወተት ለማሞቅ ሲሆን ጋል ማለት አለበት። ሙቀቱን የሚጠብቀው ቴርሞስታት፣ ማለትም በሙቀት የተነሳ ቅርጹን በሚለውጥ ብረት አማካይነት ኤሌክትሪክን የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ቀላል መሣሪያ፣ የሚያውቀው ማብራትና ማጥፋት ብቻ በመሆኑ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ውጣ ውረድ ከ10 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ የቤት ቀጂዎች የማሞቂያው መብራት እስኪጠፋ እየጠበቁ፣ ጥቂት ውኃ በከንቱ እያፈሰሱ፣ ሰኮንድ እየቆጠሩ ትክክለኛውን ቅጽበት ማደን ተማሩ። ፋብሪካው ያልሠራውን ሥራ ገዥው ይሠራ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መፍትሔው የመጣው ከመርከብ ነው። ትውልደ ሩሲያዊው መሐንዲስ ኒኮላስ ሚኖርስኪ መሪ ጨባጮች መርከብን በአቅጣጫዋ የሚያቆዩበትን ዘዴ አጥንቶ በ1922 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ጥሩ ተቆጣጣሪ የአሁኑን ስሕተት ብቻ ሳይሆን የተጠራቀመውን ስሕተትና የለውጡንም ፍጥነት አብሮ እንደሚመዝን በሒሳብ አሳየ። ዛሬ ፒ.አይ.ዲ. የሚባለው ተቆጣጣሪ በእነዚህ ሦስት ሚዛኖች ይሠራል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ የኤስፕሬሶ አፍቃሪዎች ለፋብሪካ ምድጃዎች የተሠሩ እንዲህ ያሉ ተቆጣጣሪዎችን እየገዙ በሲልቪያ ላይ መግጠም ጀመሩ፤ ውጤቱም የቦይለሩን መዋዠቅ ወደ አንድ ዲግሪ ገደማ አወረደው፤ ፋብሪካዎችም ተከተሏቸው።

ይህ ሁሉ መለኪያ ግን የተቀመረው በዝቅተኛ ስፍራዎች ነው። ሚላኖ ከባሕር ጠለል በላይ 120 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በዚህች ከተማ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የኢ61 ዓይነት ማሽን ቦይለሩን የሚጠብቀው ግፊትን ከአካባቢው አየር ጋር በሚያወዳድር መቆጣጠሪያ ስለሆነ፣ በ1 ባር የተስተካከለ ማሽን በባሕር ዳርቻ ከተማ 120 ዲግሪ ሲደርስ በአዲስ አበባ ወደ 116 ዝቅ ይላል። በሌላ በኩል፣ በቱቦው ውስጥ ቆይቶ የጋለ ውኃ ከማሽኑ ሲፈስስ መንተክተኩ የሚያቆመው እዚያ በ100 ዲግሪ፣ እዚህ ግን በ92 አካባቢ ነው፤ በመሆኑም የውጭ መመሪያዎች መንተክተኩ ካቆመ በኋላ ለተወሰኑ ሰኮንዶች ውኃ ማፍሰሱ እንዲቀጥል የሚሰጡት ምክር በደጋ ከተማ ላለ ተጠቃሚ ውኃውን ከሚገባው በታች ያቀዘቅዝበታል። ባለፒ.አይ.ዲ. ማሽን የሌለው የአዲስ አበባ ቀጂ መንተክተኩ እንዳቆመ ወዲያው ቢቀዳ ለትክክለኛው ሙቀት ይቀርባል።