ዳገት ላይ የተዘረጋው የጓሮ ባቡር

ግቢያችሁ ዳገት ቢሆንና ባቡር ልትዘረጉበት ብታስቡ ከየት ትጀምራላችሁ? ብዙዎቻችን "መጀመሪያ መሬቱ ይደልደል" ማለታችን አይቀርም። እንግሊዝ ውስጥ፣ ደርቢ ከተማ አጠገብ በምትገኘው ደፊልድ ይኖር የነበረው አርተር ሄይውድ ግን እ.ኤ.አ. በ1874 የግቢውን ዳገት እንዳለ ተቀብሎ ሥራውን ጀመረ።

ሄይውድ ካምብሪጅ የተማረ ባለጸጋ ነበር። የሐዲዱ ስፋት 15 ኢንች፣ ማለትም 38 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። መጫወቻ ይመስላል አይደል? እሱ ግን ቁም ነገር ይዞ ነው የተነሳው፤ በጋሪ ዕቃ ለሚያመላልሱ እርሻዎችና ለጦር ሠራዊቱ ትንሽ ባቡር እንደሚያዋጣ ማሳየት ፈልጎ ነበር።

ሐዲዱ ከታች ካለው ወርክሾፕ ተነስቶ ሲወጣ በየ10 እስከ 12 ሜትሩ 1 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ለመኪና ቀላል ነው፤ ለባቡር ግን ጭንቅ ነው። ለምን? የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ቶሎ ይንሸራተታላ! ሎኮሞቲቭ መሳብ የሚችለው፣ ሐዲዱ ደረቅ ቢሆን እንኳ፣ ሞተሩ በሚያሽከረክራቸው ጎማዎች ላይ ካረፈው ክብደት ሩብ ያህሉን ነው።

እስቲ እናስላው። ሎኮሞቲቩ 4 ቶን ይመዝናል እንበል። ሁሉም ጎማዎች በሞተር የሚዞሩ ከሆነ የመሳብ አቅሙ 1 ቶን ነው። ዳገቱ 1 ለ10 ስለሆነ የክብደቱ አንድ አሥረኛ ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ ስለዚህ ራሱን ለማውጣት ብቻ 0.4 ቶን ይፈልጋል። በቀረው 0.6 ቶን እስከ 6 ቶን የሚመዝን ፉርጎ ሊያወጣ ይችላል። ግማሹ ክብደት በማይነዱ ጎማዎች ላይ ቢያርፍስ? አቅሙ 0.5 ቶን ይሆንና 1 ቶን ፉርጎ እንኳ በግድ ነው የሚያወጣው።

ሄይውድም ሁሉንም ጎማዎች የሚነዱ አደረጋቸው፤ ውኃውንና ከሰሉንም እዚያው ሎኮሞቲቩ ላይ ጫነ። በ1875 ባለ 4 ጎማዋን ኤፊን፣ በ1881 ባለ 6 ጎማዋን ኤላን፣ በ1894 ደግሞ ባለ 8 ጎማዋን ሙሪየልን ሠራ።

ዳገቱ ግን ሌላም ጣጣ ነበረው። ሐዲዱ መጠማዘዝ ነበረበት፤ ብዙ ጎማ በአንድ መስመር የተደረደረበት ሎኮሞቲቭ ደግሞ ኩርባ ላይ ይቀረቀራል። ሄይውድ የፊትና የኋላ አክስሎችን ድርብ አደረጋቸው፤ ከውስጥ ዘንግ፣ ከውጭ ጎማዎቹን የያዘ ቱቦ። ሁለቱ መሐል ላይ እንደ ዳሌ መገጣጠሚያ ባለ ኳስ ስለተያያዙ ጎማዎቹ ኩርባውን ተከትለው ዘወር ይላሉ።

ይህ ሁሉ ተሠርቶም ጦር ሠራዊቱ አልገዛውም። ዋናው ደንበኛ በ1896 ኢተን ሆል በተባለው ርስቱ ላይ ሐዲድ ያዘረጋው የዌስትሚኒስተር መስፍን ነበር። ሄይውድ በ1916 ሞተ። በማግስቱ ዓመት ሙሪየል በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ወዳለው የሬቨንግላስ ሐዲድ ተወሰደች። በ1927 አዲስ ቦይለር ተገጥሞላት ስሟም ተቀይሮ ሪቨር ኧርት ተባለች፤ ዛሬም ጎብኚዎችን ታመላልሳለች።

እናንተም ግቢያችሁ ውስጥ ሞዴል ባቡር ለመሥራት ካሰባችሁ ሐዲድ ከመግዛታችሁ በፊት ገመድና ውኃ ልክ ይዛችሁ ዳገቱን ለኩ። ከዚያ የሄይውድን ስሌት ሥሩ፤ ባቡራችሁ ስንት ፉርጎ እንደሚያወጣ ቀድማችሁ ትገምታላችሁ።