ደጋን የሌለው ቫዮሊን

ዛሬ አንድ ወጣት ላፕቶፕና አንዲት አነስተኛ ኪቦርድ ካለው፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ስልሳ ባለ አውታር መሣሪያ ተጫዋቾችን ማዘዝ ይችላል። ቫዮሊኖቹ ደመወዝ አይጠይቁም፤ ቼሎው አያረፍድም፤ ኮንትራባሱም «ታክሲ አጣሁ» አይልም። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ካደረገማ ጎረቤትም አይነቃ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ማለት ይሄኔ ነው። ይሁን እንጂ ጉዱ የዛሬ አይደለም፤ ከሰባ ዓመት በላይ ታሪክ አለው። እኔን የሚገርመኝ ይህ ታሪክ ስለ ማሽን ከሚነግረን ይልቅ ስለ ሰው የሚነግረን መብለጡ ነው። (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ነገሩ የተጀመረው ካሊፎርኒያ ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ ሃሪ ቻምበርሊን የተባለ አሜሪካዊ የቴፕ መቅረጫንና የኦርጋን ቁልፎችን ለማጋባት ተነሣ። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር አንድ የቴፕ ቁራጭ አለ፤ በቴፑ ላይ ሙዚቀኛ የተጫወተው አንድ ኖታ ተቀድቷል፤ ቁልፉ ሲጫን ቴፑ ይሮጣል፣ ቫዮሊኑም ያለ ቫዮሊኒስት ይሰማል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አንድ የቻምበርሊን ሻጭ ሁለት መሣሪያ ይዞ ወደ እንግሊዝ ተሻገረ። በርሚንግሃም ውስጥ የሚሠሩ ወንድማማቾችም ከዚያው ተነሥተው በ1963 «ሜሎትሮን» የተባለውን አወጡ። ቴፑ የሚቆየው ስምንት ሴኮንድ ያህል ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ጣትህን ብታነሣም ባታነሣም ድምፁ እልም ይላል። እንዲያም ሆኖ ቢትልስ ሳይቀሩ ተጠቀሙበት። የእንግሊዝ ሙዚቀኞች ማኅበር ግን ደነገጠ። መደንገጡስ ይፈረድበታል?

ቀጥሎ የመጣው ቅጂ ጭራሽ ቫዮሊን አልነካውም። በ1974 ከሆላንድ የወጣው ሶሊና ድምፁን ከኤሌክትሪክ ነበር የሚፈጥረው፤ የቫዮሊን ጥላ እንበለው። በ1979 ደግሞ ሲድኒ ላይ የተሠራው ፌርላይት ድምፅን ወደ ቁጥር ለውጦ ማስቀመጥ ጀመረ። ከተቀዱለት ድምፆች አንዱ ከስትራቪንስኪ «የእሳት ወፍ» የተቆረጠ አንድ የሙሉ ኦርኬስትራ ምት ነው። በ1910 ለባሌት የተጻፈው ሙዚቃ ቁራጩ በ1980ዎቹ የዳንስ ዘፈኖች ውስጥ እየገባ ሕዝብ ጨፈረበት። ከጨፋሪው ስንቱ የስትራቪንስኪን ስም ሰምቶ ያውቅ ይሆን?

በ1983 ሚዲ መጣ። አሜሪካዊው ዴቭ ስሚዝና ጃፓናዊው ኢኩታሮ ካኬሃሺ ግንባር ቀደም ሆነው ያመጡት ይህ የመሣሪያዎች የጋራ ቋንቋ ድምፅ አይሸከምም። የሚሸከመው ትእዛዝ ነው፦ የትኛው ቁልፍ፣ መቼ፣ በምን ጥንካሬ ተመታ። ጥንካሬውም ከ127 በማያልፍ ቁጥር ይጻፋል። የቤተ ክርስቲያናችንን የዜማ ምልክት ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሠሩት የሚነገርለት ምልክት ከቃሉ በላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ዜማው ግን ያለው ከመምህሩ ጉሮሮ ነው። ምልክቱ የሚያስታውሰው የተማረውን ሰው ነው፤ ላልተማረው ነጠብጣብና ጭረት ነው። ሚዲም እንደዚያው። ከቁጥሩ በስተጀርባ ሙዚቃውን የሚያውቅ ሰው ከሌለ ቁጥር ሆኖ ይቀራል።

በ1999 ስታይንበርግ የተባለው የጀርመን ኩባንያ መሣሪያው ራሱ ሶፍትዌር ሆኖ በቤት ኮምፒዩተር ውስጥ እንዲከፈት በሩን ወለል አደረገው። ከዚያ ሄርብ ቱክማንድል የሚባል የቪየና ሰው ብቅ አለ። ሰውየው ቼሎ ተጫዋች ነበር፤ ስለዚህም ሌሎች ያልሰሙትን ጉድለት ሰማ። ኖታዎቹን አንድ በአንድ ቀድቶ መደርደር ዶቃ እንጂ ዜማ አይሰጥም። የቫዮሊን ነፍስ ያለችው ጣት ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው በሚሸጋገርባት ቅጽበት፣ ደጋን አቅጣጫ በሚለውጥባት ቅጽበት ነው። እናም በ2002 መውጣት የጀመረው የቪየና ሲምፎኒክ ላይብረሪ ከኖታው በተጨማሪ በኖታና በኖታ መካከል ያለውን መንገድ ቀዳ። አድካሚ ሥራ ነው፤ ግን ልዩነቱን ያመጣው እሱ ነው። በ2019 የቢቢሲ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ በሌላ ድርጅት ተቀድቶ ቀረበ፤ በ2020 ቀለል ያለውን ቅጂ በነፃ ማግኘት ተቻለ።

እሺ፣ ኦርኬስትራው በነፃ ተገኘ። ታዲያ ለምንድን ነው የብዙ ሰው «ስትሪንግ» ኦርጋን ኦርጋን የሚለው? በአሥር ጣት አንድ ትልቅ ኮርድ ተጭኖ ስለሚያዝ ነው። የሚያውቅበት ሰው ክፍሎቹን ይለያያል። አንደኛ ቫዮሊን፣ ሁለተኛ ቫዮሊን፣ ቪዮላ፣ ቼሎ፣ ኮንትራባስ እያለ እያንዳንዱን ለብቻው ይጫወታል፤ ለእያንዳንዱም የሚዘፈን ዜማ ይሰጠዋል። ቫዮሊንን ከማይወርድበት አያወርደውም። ድምፁ በአንድ ኖታ ውስጥ እንኳ እንዲያብጥና እንዲሟሽሽ በሌላው እጁ መቆጣጠሪያውን ያንቀሳቅሳል። አምስቱ ክፍሎች እንደ ወታደር እኩል እንዳይረግጡ ለቅንጣት ጊዜ ያህል ያሳስታቸዋል። ሲቻል ደግሞ አንድ እውነተኛ ቫዮሊኒስት ጠርቶ ከላይ ያስደርባል፤ የአንዱ ሰው ጉድለት ለስልሳው ማሽን ሕይወት ይሰጠዋል። በአጭሩ፣ አሳምሮ ለማስመሰል እውነተኛውን አሳምሮ ማወቅ ግድ ይላል።

ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አልመጣም። በ1982 የእንግሊዝ ሙዚቀኞች ማኅበር የለንደን ቅርንጫፍ ሲንተሳይዘር ይከልከል የሚል ውሳኔ እስከ ማሳለፍ ደርሶ ነበር፤ ተሳቀበት፣ አልጸናምም። በመጋቢት 2003 ግን ማንም አልሳቀም። የኒውዮርክ ብሮድዌይ ሙዚቀኞች ለአራት ቀን ሥራ አቆሙ። አምራቾቹ በኮምፒዩተር ኦርኬስትራ ትርዒቱን ለማስኬድ ተዘጋጅተው ነበር፤ ተዋንያኑና የመድረክ ሠራተኞቹ ከሙዚቀኞቹ ጎን ቆሙ። በስምምነቱ በትልልቆቹ ቴአትር ቤቶች የሚቀጠሩት ሙዚቀኞች ዝቅተኛ ቁጥር ከ24–26 ወደ 18–19 ወረደ። ማሽኑ መድረክ ላይ ሳይወጣ፣ በር ላይ በመቆሙ ብቻ፣ ወንበሮች ታጠፉ።

እኛም ቤት ይህ ታሪክ ይታወቃል። የደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ የሌሊቱን መድረክ አጠበበው፤ በ1980ዎቹ ትራምፔትና ሳክስፎን እየሳሱ ኪቦርድ ቦታቸውን ያዘ። ሌላም ገጽታ አለው። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ላይ አኮርዲዮኑን፣ ሲንተሳይዘሩንና የከበሮ ማሽኑን አደራርቦ ብቻውን ካሴት ሠራ፤ ካሴቱ በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሰማው። ሰውየው ማሽን ባይኖረው ኖሮ ያ ሙዚቃ አይኖርም ነበር። ስለዚህ «ማሽን ገደለን» ብሎ መደምደም ለኔ አይዋጥልኝም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ኪቦርዱ የተሠራው በአሥራ ሁለት እኩል እርከን ነው፤ አንቺ ሆዬ ደግሞ በዚያ ልክ አልተሰፋም። ማሲንቆ በአንድ አውታር ላይ ከድምፅ ወደ ድምፅ እየተንሸራተተ የሚያለቅሰውን ልቅሶ ቁልፍ መጫን አያመጣውም። ሶፍትዌሩ እርከኑን ለማስተካከል ይፈቅዳል፤ የሚያስተካክለው ግን ቅኝቱን በጆሮው የያዘ ሰው ነው። ጆሮው በፋብሪካው ልክ ብቻ ያደገ ልጅ የጎደለው መኖሩን እንኳ አያውቅም፤ ያላወቁትን ደግሞ ማንም አይፈልገውም።

ቪየናዎች ቼሎውን አሳምረው የቀዱት ቼሎ ተጫዋች ስለነበራቸው ነው። የማሲንቆውም ሥራ በዚያው መንገድ ይሄዳል፤ ደጋን የያዘ እጅና ማይክሮፎን የያዘ እጅ አንድ ክፍል ውስጥ ተገናኝተው፣ መንገዱን ከኖታ ኖታ በትዕግሥት መልቀም አለባቸው። ለዚህ ላፕቶፕ አላጣንም። ማሲንቆ የሚያውቁት አረጋውያን ግን እንደ ሶፍትዌር በየዓመቱ አይታደሱም።