ተራማጅ ግብርና የቀላድ ፍርሃት

«ተራማጅ» በ1960ዎቹ በተማሪው አፍ የነገሠ ቃል ነበር። በግብር አዋቂዎች ዘንድ ግን ሌላ፣ ጸጥ ያለ ትርጉም አለው፤ ገቢ ከፍ ባለ ቁጥር ከመቶ የሚነሣው እጅ ራሱ ከፍ ይላል ማለት ነው። «እያደገ የሚሄድ ግብር» የሚሉትም አሉ፤ ለጆሮ የሚቀርበው ይኸኛው ነው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕግ እስከ 2,000 ብር የሚደርስ የወር ደመወዝ ምንም አይከፍልም፤ ከ14,000 ብር በላይ ባለው ላይ ግን 35 ከመቶ ይነሣል። የጥንቱ አሥራት እንዲህ አልነበረም፤ ከጥቂቱም ከብዙውም እኩል አንድ አሥረኛ ነበር።

በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ አሥራትን ሽሮ በገቢ ልክ የሚያድግ ግብር ተካ። በወረቀት ሲታይ ለድኻው ያደላ አዋጅ ነበር። ጎጃም ግን ተነሣበት።

ለምን? ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ ሲሄዱ መራዊ ላይ የሚታየው የሜጫ ማሳ ያን ጊዜ ርስት ነበር፤ በአባትም በእናትም ሐረግ እየቆጠሩ የሚካፈሉት። እያደገ የሚሄድ ግብር ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ «ስንት አለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ገማች ይጠራል፤ ገበሬው በገማቹ ጀርባ ያየው ቀላድን ነው። በደቡብ ገመድ ከተጣለ በኋላ ስንቱ ባለመሬት ጭሰኛ ሆኖ እንደ ቀረ ያውቃል። ጎጃም ከጠላት ወረራ በኋላ በ1930ዎቹም በ1940ዎቹም ልኬትን አልቀበልም ብሎ ነበር። የአዋጁን ቁጥር ሳይሆን የገመዱን ጥላ ፈራ ብል አልተሳሳትኩም፤ በአገረ ገዢው በደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ አስተዳደር ላይ የነበረው ምሬትም ቀላል አልነበረም።

ከሞጣ እስከ ደጋ ዳሞት አመፁ ተዛመተ፤ መንግሥት ጦር ላከ፣ አውሮፕላንም መንደር ደበደበ። በመጨረሻ አገረ ገዢው ተነሡ፣ የዓመታት ውዝፍ ግብር ተማረ፣ አዲሱም ግብር በጎጃም ሳይሰበሰብ ቀረ።

ርስት በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ አበቃ። ከ1990ዎቹ ወዲህም በአማራ ክልል ማሳው እየተለካ ለገበሬው የይዞታ ደብተር ተሰጠው። አያቱ ልኬትን ሸሽቶ ጫካ የገባው ገበሬ ዛሬ ያን ደብተር በሳጥን ቆልፎ ያኖራል፤ ድንበሩን የሚገፋ ጎረቤት ሲመጣ አውጥቶ ያሳያል።