እምቦጭ፣ ዐዋጅና ከማክሰኝት የሚወርደው ጎርፍ

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚወርድ መንገደኛ ማክሰኝት ደርሶ ዐይኑን ወደ ምዕራብ የጣለ እንደ ሆነ፣ የጉማራ ወንዝ የደጋውን አፈር ተሸክሞ ወደ ጣና የሚያልፍበትን ሰፊ ሜዳ ይመለከታል። በዚያ ሜዳ ጠርዝ፣ ዐፄ አድያም ሰገድ ኢያሱ የተቀበሩባት የምጽራሐ ደሴት ባለችበት በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ ገበሬው ውሃው በበጋ ሲሸሽ በሚለቅቀው በባሕር ሸሹ መሬት ሽንብራና ጓያ እየዘራ፣ ከብቱንም እያሰማራ ሲኖር፣ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ከመገጭ ወንዝ መግቢያ የተነሣ ሐምራዊ አበባ ያለው ባዕድ ዕፅ ግጦሹንም ታንኳ ማቆሚያውንም ወረሰበት። እምቦጭ ነው።

የእምቦጭ ጥንተ አገሩ የደቡብ አሜሪካው የአማዞን ተፋሰስ ሲሆን፣ ስለ አበባው ውበት በሰው እጅ ከአህጉር ወደ አህጉር ተላልፏል። የዩናይትድ ስቴትስ ወንዞች በዚህ አረም በተዘጉበት ዘመን፣ በ1910 እ.ኤ.አ.፣ የሉዊዚያናው እንደራሴ ሮበርት ብሩሳርድ ከአፍሪካ ጉማሬ ይምጣልን፣ አረሙን ይብላ፣ ሥጋውም ለሕዝብ ምግብ ይሁን የሚል ረቂቅ ሕግ አቀረቡ፤ ረቂቁም ሳይጸድቅ ቀረ። ጣና ጉማሬን ከጥንት ጀምሮ ሲመግብ የኖረ ሐይቅ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው፣ ነገሩ ከፈገግታ አያልፍም። በ1956 እ.ኤ.አ. ግን እዚያው አገር እምቦጭን ከግዛት ወደ ግዛት ማጓጓዝና መሸጥ በሕግ ወንጀል ሆነ።

በእኛም አገር ባዕድ ዕፅን በዐዋጅ መግዛት አዲስ ነገር አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ውሃ ያደርቃል ተብሎ ቢከሰስ፣ ከሦስት እጁ ሁለቱ ተነቅሎ በምትኩ የሐር ትል የሚመግብ እንጆሪ እንዲተከል በ1913 እ.ኤ.አ. ዐዋጅ ወጣ፤ ዐዋጁን የሰማው እንጂ የፈጸመው ጥቂት ነበር፤ ማገዶና ማገር የሰጠውን ዛፍ ማን ይነቅላል! እምቦጭ በ1965 እ.ኤ.አ. በቆቃና በአዋሽ ከታየ በኋላ፣ በ1971 እ.ኤ.አ. የዕፀዋት ጥበቃ ድንጋጌ ቍጥር 56፣ ቀጥሎም የዕፀዋት ኳራንቲን ደንብ ቍጥር 4/1985 ዓ.ም. ወጡ፤ አገራችን በ1994 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የብዝኃ ሕይወት ስምምነትም በስምንተኛው አንቀጹ ባዕዳን ፍጥረታትን መከላከልን ግዴታ አደረገ።

እነዚህ ድንጋጌዎች አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ ይኸውም በይበልጥ ኬላ ጠባቂዎች መሆናቸው ነው። በጭነት የሚገባውን ዘር ይመረምራሉ፤ እምቦጭን በጣና ያሰባው ግን በኬላ ያለፈ ሳይሆን፣ ከጎንደር ከተማ በመገጭ የሚወርደው እድፍ፣ ከማክሰኝትም እርሻ ከማዳበሪያው ጋር ታጥቦ የሚሄደው አፈር ነው። ሐይቁ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ሲመዘገብም፣ ይህ ጎርፍ እንደ ልማዱ ይወርድ ነበር።

በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ለአንድ ወር በታወጀው ዘመቻ፣ የአካባቢው ገበሬ ደረቱ ድረስ በውሃ ቆሞ አረሙን ሲነቅል፣ የሚያስመሰግን ድካም ደክሟል። ነገር ግን የእምቦጭ ዘር በደለል ተቀብሮ 20 ዓመት ያህል ሳይሞት ሊቈይ ስለሚችል፣ ውሃው በሸሸ ቍጥር በጭቃው ላይ እንደገና ይበቅላል፤ ስለዚህ የወር ዘመቻን ከሚያውጅ ትእዛዝ ይልቅ፣ በመገጭና በጉማራ አናት ላይ እርከን የሚያሠራና የከተማውን ፍሳሽ የሚገድብ፣ ዕድሜውም ከዘሩ ዕድሜ የማያንስ ሕግ ለዚህ ዳርቻ ያስፈልገዋል።