የአእምሯዊ ንብረትና የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሕግ የድኅረ ምረቃ ትምህርት

የአእምሯዊ ንብረት ሕግና የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሕግ በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች በማስተርስ ደረጃ ተጣምረው ወይም ጎን ለጎን ይሰጣሉ። ሁለቱን ያቀራረባቸው፣ በፓተንት፣ በንግድ ምልክትና በቅጅ መብት የሚጠበቀው የፈጠራ ውጤት በአብዛኛው በኮምፒዩተርና በኢንተርኔት አማካይነት የሚባዛና የሚሸጥ መሆኑ ነው። በኢትዮጵያ የኮምፒዩተር ፕሮግራም በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት ፓተንት አይሰጠውም፤ በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግን ጥበቃ ያገኛል። የሶፍትዌር ግዥ ውል የሚያረቅ ባለሙያ ይህን ለይቶ ካላወቀና የባለቤትነቱን ጉዳይ በውሉ ካላሰፈረ፣ መሥሪያ ቤቱ የከፈለበትን ፕሮግራም ለማሻሻል ከአቅራቢው ጋር ወደ ክርክር ሊገባ ይችላል።

የዕውቀቱ አስፈላጊነት ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የታየው በጤፍ ጉዳይ ነው። በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የብዝሃ ሕይወትና የግብርና ምርምር ተቋማት ከአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር የጤፍን ዘረመል ለመጠቀምና ጥቅሙን ለመጋራት የሚያስችል ውል ተፈራረሙ። ይሁንና ውሉ ከመፈረሙ ሁለት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ በአውሮፓ የፓተንት ማመልከቻ ገብቶ ነበር። ኩባንያው በ2001 ዓ.ም. ሲከስር ፓተንቱ ወደ ሌሎች ኩባንያዎች ተላለፈ፤ አዲሶቹ ባለመብቶች ደግሞ በውሉ የተገደዱ አልነበሩም። ኢትዮጵያም ይህ ነው የሚባል ጥቅም ሳታገኝ ቀረች። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የሄግ ፍርድ ቤት የዱቄት አዘገጃጀቱ ለፓተንት የሚያበቃ ፈጠራ አይደለም በማለት የኔዘርላንድስን ፓተንት ውድቅ አድርጎታል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ክርክሩ የተካሄደው በሁለት የኔዘርላንድስ ኩባንያዎች መካከል እንጂ በኢትዮጵያ ከሳሽነት አለመሆኑ ነው። የፓተንት ምዝገባን አስቀድሞ መፈተሽ፣ መብት ሲተላለፍ የውሉ ግዴታ አብሮ እንዲተላለፍ ማድረግ፣ የኪሳራን ጉዳይ በውል ማስፈር በዚህ ዘርፍ ተማሪው የሚሠለጥንባቸው ተግባራት ናቸው።

የቡናው ተሞክሮ ከዚህ ይለያል። በአዋጅ ቁጥር 320/1995 የተቋቋመው የቀድሞው የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት በ1997 ዓ.ም. የይርጋጨፌ፣ የሲዳሞና የሐረር ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡ አመለከተ። መልክዓ ምድራዊ አመልካች ይሻላል የሚሉ ወገኖች ነበሩ። ሆኖም ቡናውን የሚያመርቱት በየአካባቢው የተበታተኑ እጅግ ብዙ አነስተኛ አርሶ አደሮች በመሆናቸው ለአመልካቹ የሚያስፈልገው ቁጥጥር ከባድና ውድ እንደሚሆን ታምኖበት የንግድ ምልክት ተመረጠ። ማመልከቻው ከአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃውሞ ቢገጥመውም በሰኔ 1999 ዓ.ም. ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ተደርሷል። ከሁለት የጥበቃ ዓይነቶች አንዱን መምረጥ የሕግም የኢኮኖሚም ውሳኔ ነበር።

ትምህርቱን ከሚሰጡት መካከል በዚምባብዌ ሙታሬ የሚገኘው አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2008 ከዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅትና ከአፍሪካ ቀጣናዊ አእምሯዊ ንብረት ድርጅት ጋር በመተባበር የጀመረው የማስተርስ ፕሮግራም ይጠቀሳል። የጣሊያኑ ቱሪን ዩኒቨርሲቲም ከዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት ጋር ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2003 በጀርመን የተመሠረተው የሙኒክ የአእምሯዊ ንብረት ሕግ ማዕከል ከሕግ ምሩቃን በተጨማሪ መሐንዲሶችን፣ የሳይንስና የኢኮኖሚክስ ባለሙያዎችን ይቀበላል፤ ይህም ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የቴክኒክ ባለሙያዎች በር የሚከፍት ነው። ለኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሕግ የሚያደላው የሃኖቨር ዩኒቨርሲቲ ፕሮግራም በበኩሉ የሕግ ዲግሪ ይጠይቃል፤ ተማሪው አንዱን የትምህርት ወሰን በሌላ አገር አጋር ዩኒቨርሲቲ እንዲያሳልፍም ያደርጋል።

በአገር ውስጥ ባለሙያው የሚሠራበት የሕግ ማዕቀፍ ከጊዜ ወደ ጊዜ ሰፍቷል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008፣ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 እና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በተከታታይ ወጥተዋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የተገልጋዮችን መረጃ በሚይዙ የመንግሥት ተቋማት ላይም ግዴታ ይጥላል፤ የቁጥጥሩም ሥልጣን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል። ስለሆነም ጉዳዩ የሕግ ክፍሎችን ብቻ ሳይሆን የመዝገብ ቤትና የሰው ኃይል አስተዳደር ሠራተኞችንም ይመለከታል።