ከክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና በኋላ ወደ ዜማ መመለስ

ወደ ዜማ መመለስ ጨጓራውን በቀዶ ሕክምና ያሳነሰ ድምፃዊ ትንፋሹን እንደገና የሚገራበት ሂደት ነው። ምላጩ ጉሮሮን አይነካም፤ የሚለወጠው ከበታቹ ያለው ነው። ትንፋሽን ቆጥቦ የሚያወጣው የድያፍራምና የሆድ ጡንቻ ነውና ስፌቱ እስኪጠና ከፍ ያለ ዜማ አይሞከርም። የማደንዘዣው ቱቦ በድምፅ አውታሮች መካከል ስለሚያልፍ ድምፅ ለጥቂት ቀናት ሊጎረንን ይችላል። ከዚህ ይልቅ የሚያስቸግረው ቃር ነው፤ በተለይ ጨጓራው በቁመቱ ተቆርጦ ሲጠብ አሲድ ወደ ላይ እየወጣ ጉሮሮን ይለበልባል።

የታወቀችው ምሳሌ አሜሪካዊቷ የኦፔራ ድምፃዊት ዴቦራ ቮይት ናት። የለንደኑ ሮያል ኦፔራ ሃውስ ለመድረኩ ጥቁር ቀሚስ አትሆንም ብሎ ከ«አሪያድኔ» ኦፔራ አሰናበታት። በ2004 እ.ኤ.አ. ቀዶ ሕክምናውን አደረገች፤ በ2008 እዚያው ተመልሳ ያችኑ አሪያድኔን ሆና ተጫወተች። ድምጿ ሳሳ ያሉ ሐያስያን ነበሩ። እሷ ግን ቀድሞ ሳታስበው ይመጣ የነበረውን የትንፋሽ ድጋፍ አሁን አስባበት መጥራት እንዳለባት ተናግራለች፤ ከሐያስያኑ ይልቅ ለዘማሪ የሚጠቅመው ይህ ምስክርነት ነው።

በአገራችን ለዚህ የሚቀርበው ታሪክ የድምፃዊው የጥላሁን ገሠሠ ነው፤ ምክንያቱ ግን ክብደት ሳይሆን በ1985 ዓ.ም. አንገቱ ላይ የደረሰ የስለት ጉዳት ነበር፤ ታክሞ ወደ መድረክ ተመለሰ።

ከክብደት መቀነሻው ቀዶ ሕክምና በኋላ እንደ ሸዋ ሮቢት ባለ ቆላ ዋናው ጉዳይ ውኃ ነው። የጠበበ ጨጓራ ብዙ ውኃ በአንዴ አይቀበልም፤ የደረቀ የድምፅ አውታር ደግሞ ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ መንዙማ የሚያወጣም ሆነ ማኅሌት የሚቆም ሰው ቀኑን ሙሉ በትንሽ በትንሹ መጎንጨት አለበት። ረመዳንም ሆነ ዐቢይ ጾም ሲመጣ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክራል።